የዒዳው ቤት

ሸዋ ሮቢት
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ጁነይድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ባለፈው ደብዳቤ ሰላምታውን አሳጥረሻል ብላ እማ ስለተቆጣችኝ ዛሬ የእሷን አስቀድማለሁ፤ አጠገቤ ተቀምጣ እየነገረችኝ ነው። አንተ እንዴት ነህ? ሂዳያ እንዴት ናት? ልጆቹስ? የጅማ ዝናብ ጋብ አለ? ያ ጉልበትህ ተሻለህ? እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር አልሐምዱሊላህ። የእሷ ይኸው ነው። የእኔም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የተቋረጠው የስልክ መስመር መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ካሚል ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ደብዳቤ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ለጅማ ሹፌር ያቀብልልሃል። አንተም በዚያው መንገድ መልስልኝ። እማ እንደሆነ ከስልኩ ይልቅ ወረቀቱን ወዳዋለች። "ስልክ ተናግሮ ያልቃል፤ ወረቀት ነገም ይነበባል" ትላለች።

ስለ ዒዳዋ ለጠየቅከው፤ አባባ ያረፉት ኅዳር አጋማሽ ላይ ስለሆነ አራት ወር ከአሥር ቀኗ የሚሞላው ረመዳን ሊወጣ ሲል ነው። እስከዚያ ከባሏ ቤት ውጭ አታድርም። ቀን ቀን ግቢ ወጥታ ከማንጎው ሥር ትቀመጣለች፤ ሲመሽ አባባ ወዳረፉበት ክፍል ገብታ በዚያው አልጋ ትተኛለች። የአርባቸውን ሰደቃ በዚህ ወር መጨረሻ እናወጣለን።

ስለ ሰዓቱም ጠይቀሃል። አባባ ከአሰብ ያመጡት የግድግዳ ሰዓት እንደገና ቆሞ ነበር። ፈትቼ በነጭ ጋዝ አጠብኩት፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግኩለት። ጓዳ ስሰቅለው ያለ ችግር ይሠራል። እማ ክፍል፣ ከአልጋዋ በላይ ወዳለው ቦታው ስመልሰው ግማሽ ቀን ሠርቶ ይቆማል። ስለዚህ የአባባን ቱንቢ አውጥቼ ከሚስማሩ ላይ ጣልኩ። ክሩ ከላይ ግድግዳውን ይነካል፣ ከታች ግን የጣት ውፍረት ያህል ይርቃል። ከሰዓቱ ግርጌ ካርቶን አጥፌ ደገፍኩበት፤ አሁን ፔንዱለሙ ይወዛወዛል።

የክፍሏ በርም አልዘጋ ብሎ ነበር። ዝናብ ሳይኖር እንዴት እንዳበጠ አላውቅም። ጠርዙን በመላጊያ ላግኩትና ተስተካከለ።

እህትህ መሊካ


ጅማ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ መሊካ፣

ይህ ሁለተኛው ወረቀት ለአንቺ ብቻ ነው። ለእማ የመጀመሪያውን አንብቢላት፤ ይህን ደብቂው።

ስለ ሰዓቱና ስለ በሩ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። አንቺ ሰዓት ጠግነሽ፣ በር አስተካክለሽ ጨረስሽ። እኔ ግንበኛ ስለሆንኩ ያነበብኩት ሌላ ነገር ነው። አባባ ቱንቢ ሳይጥሉ አንድ ድንጋይ አስቀምጠው አያውቁም። ያን ግድግዳ ሲሠሩ ጭቃ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ፤ ያልተስተካከለ ድንጋይ ካገኙ የትናንቱን ሥራ ሳይቀር አፍርሰው ይመልሱት ነበር። አሁን ጣት ያህል ወደ ውስጥ ካዘነበለ፣ ያዘነበለው በቅርብ ነው። ወደ ውስጥ ማለት ደግሞ ወደ እማ አልጋ ነው።

እዚህ ሰው ሁሉ የሚያወራው በአፋር በኩል ስላለው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። አንቺ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አላነሳሽም። አይሰማችሁም ማለት ነው?

ግድግዳውን በደንብ እዪው። ስንጥቅ ካለ አግድም ጀሶ ለጥፊበት። ጀሶ ግትር ነው፤ ግድግዳው ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። እስኪለይለት ድረስ አልጋዋን ከዚያ አርቂ።

ልመጣ ተነስቼ ደብረ ሲና ላይ መንገዱ ተዘግቶ ተመልሻለሁ። ለእማ አልጻፍኩላትም፤ አንቺም አትንገሪያት።

ጁነይድ


ሸዋ ሮቢት
ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ጁነይድ፣

እኔም ይህን ወረቀት ለብቻው ነው የምጽፈው። የአንተን ሁለተኛ ወረቀት ስደብቅ እማ፣ "ሁለት ጊዜ ተንኮሻኮሸ፤ ሌላኛው ምን ይላል?" አለችኝ። "የግንባታ ነገር ነው" አልኳት። አልዋሸሁም።

አዎ፣ ይሰማናል። ያልጻፍኩልህ እሷ አጠገቤ ሆና ስለምታስጽፈኝ ነው። መጀመሪያ ከባድ መኪና እየመጣ ይመስላል። መኪናው ግን አያልፍም። ከዚያ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይነካካሉ። ሸዋዬና ቤተሰቧ ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ወጥረው ነው የሚያድሩት። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ "ቲቸር፣ እኛ ሜዳ አንቱ ቤት! ድንጋዩም እንደ ተማሪ ፈርቶዎት ነው የቆመው?" ትለኛለች። የጉድጓዳችን ውኃም ለብ ብሏል። ስላልጠየቅከኝ አልጻፍኩትም ነበር።

ስንጥቁ አለ። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰዓቱ ጀርባ አልፎ ወደ ጣራው ይወጣል። እርሳስ ይገባበታል። እንዳልከው ጀሶ ለጠፍኩበት፤ ሳምንት ሳይሞላው ለሁለት ተከፈለ።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ሳልሸፋፍን እነግርሃለሁ። ሰደቃው ደረሰ። ሸሆቹ ተቀምጠው ዱዓ የሚያደርጉት በዚያ ክፍል ነው። የአባባ ግድግዳ በአባባ ሰደቃ ቀን ተሰንጥቆ ሰው እንዲያየው አልፈለግኩም። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቼ አሳደርኩት፤ ስንጥቁን ሞላሁት፣ ለሰንኩት፣ ሲደርቅ ኖራ ቀባሁት። እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ስንጥቁ የት ላይ እንደነበር እኔም አጣሁት። እማ ግድግዳውን ዳስሳ፣ "እንደ ሙሽራ ጉንጭ አደረግሽው" አለችኝ። "ደህና አድርጌዋለሁ፤ አታስቢ" አልኳት።

አሁን ግቢ እንደር ባልኳት ቁጥር ያንን ቃሌን ትመልስልኛለች። አልጋውንም ላዞረው ሞክሬ ነበር። "አባትሽ ያረፉበትን አቅጣጫ አታዞሪብኝም" አለች።

መሊካ


ሸዋ ሮቢት
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ጁነይድ፣

ቁጣህ ደርሶኛል። "ስንጥቁን ሳይሆን ምስክሩን ነው የደፈንሽው" ያልከው እውነት ነው፤ አውፍ በለኝ። ይህን የምጽፈው ሸዋዬ ግቢ ተቀምጬ ነው።

ሸህ አብዱልሀኪምን ጠይቂ ባልከው መሠረት ጁምዓ ከሰላት በኋላ ይዣቸው መጣሁ። እማ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው።

"እትዬ መሪያም፣" አሏት፣ "ሸሪዓው ሴትን ግድግዳ ሥር ቅበሩ አይልም። ቤቱ ይወድቃል ተብሎ ከተፈራ መውጣት ይፈቀዳል። ግቢው ደግሞ የባልዎ ግቢ ነው። ማንጎው ሥር ቢያድሩ ዒዳዎ አይፈርስም።"

"ከተፈራ አሉኝ" አለች እማ። "የሚያስፈራው የቱ ነው? እስኪ ግድግዳውን ይዳስሱት።"

ሸሁ ዳሰሱት። ጣታቸው ላይ የኖራ ዱቄት ቀረ እንጂ ሌላ ያገኙት ነገር የለም።

"ከሥሩ ስንጥቅ አለ" አልኩ።

"ደህና አድርጌዋለሁ ብለሽኝ ነበር" አለች። "ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ልጅ ያስተማርሽ ሰው ነሽ። የትኛውን ልያዝልሽ?"

መዶሻ አመጣሁ። ፊታቸው ቆሜ ያን ያማረ ልስን መታሁት፤ ጭቃው ወረደ። እርሳስ ይገባበት የነበረው አሁን መዳፍ ያስገባል። የእማን እጅ ይዤ አስገባሁት። ነፋሱ ይሰማል፤ በዚያ በኩል የሸዋዬ ዶሮዎች ሲንጫጩ ይሰማል። እጇን ሳታወጣ ጥቂት ቆየች። ገባት ብዬ አሰብኩ።

"አባትሽ የሠሩትን ግድግዳ በመዶሻ ቀደድሽና ተቀደደ ትይኛለሽ?" አለችኝ።

ሸሁ ሳይወዱ ሳቁ። እኔ መዶሻውን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ሲወጡም በሩ ድረስ ተከትላቸው፣ "ጣራ እያለኝ ሜዳ የማድረው ምን ሆኜ ነው? የባሏ አፈር ሳይደርቅ ወጣች ሊባል ነው?" አለቻቸው። "እንግዲህ በግድ አይወጣም" ብለውኝ ሄዱ።

"ጣራ እያለኝ" ያለችው ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ጁነይድ፣ ጣራውን ላወርደው አስቤያለሁ፤ ከእሷ ክፍል በላይ ያለውን ቆርቆሮ ብቻ። ነገር ግን ቤቱ ያልተከፈለ ውርስ ነው፤ የእሷም፣ የአንተም፣ የእኔም እጅ አለበት። አንተ ሳትፈቅድ አንድ ሚስማር አልነቅልም። እሷን አልጠይቃትም። እምቢ ካለችኝ በኋላ ማድረግ ሳልጠይቅ ከማድረግ ይከፋል።

ቱንቢውን ትናንት ጣልኩት። ሁለት ጣት ሆኗል። ቶሎ መልስልኝ።

መሊካ


ጅማ
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ዛሬ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ለእማ የሚነበብ የለውም፤ ደብዳቤ አልመጣም በያት።

ውርሱን እንደ ሸሪዓው ብንከፍለው፣ የእማ ስምንተኛ እጅ ከወጣ በኋላ የእኔ ድርሻ የአንቺ እጥፍ ነው። ከእማ ክፍል በላይ ያለው ጣራ በእኔ ድርሻ ይግባ። እኔ ወስጄዋለሁ፤ የእኔ ነውና አውርጂው። ሰው ከጠየቀሽ "ወንድሜ ቆርቆሮውን ሸጦ በላ" በይ። እኔ ሩቅ ነኝ፣ ስድቡ አይደርስብኝም።

አሁን እንደ ግንበኛ ስሚኝ። መሰላሉን በዚያ ግድግዳ ላይ እንዳታስደግፉ። ከጓዳው በኩል ጀምሩ። ቆርቆሮው ብቻ ይነሳ፤ እንጨቱን አትንኩት፣ ግድግዳውን ይዞ ያቆመው እሱ ሊሆን ይችላል። ሚስማሩ በጉጠት ይነቀል እንጂ ማንም መዶሻ እንዳያነሳ። እማ ማንጎው ሥር ሳለች ይሠራ። መሬቱ ከተንቀሳቀሰ የጀመሩትን ጥለው ይውረዱ።

የዚያን ጣራ ሚስማር ሳቀብል አባባ፣ "አንተ ልጅ፣ ከእኔ በኋላ ይህን የሚያወርድ አይኖርም" ብለውኝ ነበር። ይህን የነገርኩሽ እንድትተዪው አይደለም። ብቻዬን መያዙ ከበደኝ።

እማ አውፍ የምትለን ከሆነ ሁለታችንንም አንድ ላይ ትበለን።

ጁነይድ


ሸዋ ሮቢት
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ጁነይድ፣

ጣራው ወርዷል።

ሥራውን የሠራው ሙዓዊያ ነው፤ የጎረቤታችንን ሁሉ ጣራ ያለበሰው። ያዘዝከውን አንድ በአንድ ነገርኩት። "ቲቸር፣ ስንቱን አልብሼ ዛሬ የአሮጊት ሻሽ ልገልጥ ነው?" አለኝ፤ ግን ወጣ። እማ ከማንጎው ሥር ሆና የቆርቆሮውን ድምፅ ሰማች።

"የማን ቤት ነው የሚፈርሰው?" አለችኝ።

"የኛ ነው እማ።"

ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም።

መጨረሻዎቹ ቆርቆሮዎች ሲቀሩ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ሙዓዊያ መሰላሉን አልፈለገም፤ ዘሎ ነው የወረደው። ተነስቶ ሱሪውን ካራገፈ በኋላም መሳቁን አልቻለበትም። "ከላይ ሆኜ አየሁት" አለኝ። "ድንጋዩ ሲከፈትና ሲገጥም አየሁት፤ እንደሚተነፍስ ሰው ደረት።" የቀረውን መሬቱ ከረጋ በኋላ በዚያው ቀን ወጥቶ ጨረሰ።

ሲመሽ እማ እንደ ልማዷ ተነስታ ግድግዳውን እየዳሰሰች ገባች። ተከተልኳት። አልጋው ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ላይ አቀናች። ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፤ ገና ብርሃን ነበር። ሸህ አብዱልሀኪም በሩ ላይ ቆመው፣ "እትዬ መሪያም፣ ይኸው ጣራ የለም። እዚህ ማደርና ግቢ ማደር አንድ ሆነ፤ ግቢው ይሻልዎታል" አሏት። ነጠላዋን ከትራሱ ላይ አነሳች፣ የአባባን የመቁጠሪያ ሙስበሃ ያዘች፣ የማንንም እጅ ሳትይዝ ወጣች።

ሥራው በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ማታ ግን ጓዳ ደርሼ ስመለስ ማንጎው ሥር የለችም። በሩ ጋ ደርሳ አንድ እግሯን ደፉ ላይ አሳርፋ አገኘኋት። መለስኳት። ከዚያ ወዲህ ምንጣፌን በሩ ላይ አግድም አነጥፋለሁ፤ ልትገባ ከፈለገች በእኔ ላይ ተራምዳ ነው።

ግድግዳው እስካሁን ቆሟል። ባይወድቅ እማ ዕድሜዋን ሙሉ ትከሰኛለች። ይሁን። እንዲህ ያለውን ሒሳብ ተሳስቼ ብገኝ እመርጣለሁ። ቱንቢውን መጣል ትቻለሁ፤ ግድግዳው ሥር መቆም ስለሚያስፈልግ።

መሊካ


ሸዋ ሮቢት
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ጁነይድ፣

ዛሬ እማ ወደ ማንጎው ዞራ፣ "ደብዳቤ የምትጽፍ ሰው ካለች ወረቀት ይዛ ትምጣ" አለች። ሄድኩ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው፤ አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም።

ልጄ ጁነይድ፣ አንተ እንዴት ነህ? ሂዳያ እንዴት ናት? ልጆቹ እንዴት ናቸው? ጉልበትህ እንዴት ነው? እኔ ሜዳ ላይ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ከእህትህ ጋር አልነጋገርም። ስለዚህ የምለውን አንተ ትነግርልኛለህ።

ቆርቆሮውን ሸጠህ በላህ ብላኛለች። ዋሽታለች። ቆርቆሮው ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ተደርድሯል፤ ነፋስ ሲመታው እሰማለሁ። ዓይኔ ነው እንጂ የደከመው ጆሮዬ ደህና ነው። በደብዳቤህ ውስጥ ሁለት ወረቀት እንደነበረም አውቃለሁ። ሁለታችሁም ውሸት አትችሉበትም፤ አባታችሁም አይችሉም ነበር።

ሻዬ ላይ ስኳር ታሳንሳለች። ንገራት።

ሸዋዬ ጠዋት ጠዋት እየመጣች፣ "እማማ፣ እንኳን ወደ ሜዳችን በደህና መጡ" ትለኛለች። እሷን አልተቀየምኳትም። ያስቀችኛል።

ቆይ። ብዕሩን ያዢ፣ አትነሺ። ማንጎው ራሱ ተንቀጠቀጠ። አላህ ሆይ። በቃ፣ ቆመ። ጻፊ።

ትናንት ጎህ ሳይቀድም እንዲህ አድርጎ ነበር። ያን ጊዜ ከግድግዳው ድንጋይ ወደቀ። እህትህ አልነገረችኝም፤ የተኛሁ መስሏታል። ወደ ውጭ አይደለም የወደቀው። የአልጋዬ ሽቦ ሲጮህ ሰማሁ። ስንት ዓመት የተኛሁበት ሽቦ ነው፤ በአባትህ በኩል ያለው ድምፁ ሌላ ነው፣ በእኔ በኩል ያለው ሌላ ነው። የጮኸው የእኔ በኩል ነው።

እንግዲህ ይህን ንገርልኝ። እህትህ እንዳልገባባት ብላ በሩ ላይ ተጋድማ ታድራለች። ያ በር ከግድግዳው ጋር አንድ ነው፤ ያባትህ ሥራ ነው፣ ሲሄድ አንድ ላይ ነው የሚሄደው። እኔ ጠርቼ እንዳልነግራት አኩርፌያለሁ። አንተ ጻፍላት።

እናትሽ አልገባም ብላለች በላት። ወላሂ አልገባም። ከበሩ ላይ ትነሳ።